ሥራህን ማን ያይልሃል?

ስለ ኮዲንግ ማሠልጠኛዎችና ስለ ተማሪዎቻቸው ልምድ፣ ለአጥቢያ የልማት ኮሚቴ አባላት፣ ለወላጆችና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የቀረበ ንግግር





ዛሬ እንድንነጋገርበት የያዝነው ጉዳይ እናንተው ያመጣችሁት ነው። ከአጥቢያዎች ወደ ፕሮጀክት ክፍላችን ከሚደርሱት ማመልከቻዎች መካከል «ልጆቻችን ኮዲንግ እንዲማሩ የሥልጠናውን ክፍያ ሸፍኑልን» የሚሉት እየበዙ መጥተዋል። አንዳንዱ ቤተሰብ የዕቁብ ዕጣውን ለዚሁ አስቀምጧል። አንዳንዱ የምትታለብ ላሙን ለመሸጥ እየመከረ ነው። ሌላው ደግሞ አሜሪካ ያለ ዘመዱ «ልጁ ኮድ ይማር እንጂ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» ብሎታል። ጥያቄው ገንዘቡ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት የታሰበበት መልስ ይገባዋል ብለን እናምናለን። የዛሬው ንግግራችንም ለዚያ መልስ የታሰበ ነው።

ነገሩ ለሁላችንም ግልጽ እንዲሆን ከስሙ እንጀምር። ኮድ ማለት ለኮምፒዩተር የሚጻፍ ትእዛዝ ነው። በስልካችሁ ገንዘብ ስትልኩ፣ ባንክ ሄዳችሁ ሒሳባችሁን ስትጠይቁ፣ ከጀርባ ሆኖ የሚሠራው አንድ ሰው አስቀድሞ የጻፈው ትእዛዝ ነው። ይህን አጻጻፍ በጥቂት ወራት ጥድፊያ የሚያስተምሩት ቤቶች በውጭው ዓለም ቡትካምፕ ይባላሉ፤ ስሙ ከምልምል ወታደሮች ማሠልጠኛ የተወሰደ ነው። በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 ዴቭ ቡትካምፕ የተባለው ቀዳሚ ትምህርት ቤት ሲከፈት የሰጠው ተስፋ ብዙዎችን የሚማርክ ነበር፤ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሳይቀመጡ፣ በወራት ውስጥ ተምሮ የሶፍትዌር ሥራ መያዝ። ብዙዎችም ተከትለውት ከፈቱ። ይሁን እንጂ ያው ቀዳሚው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ዘ አይረን ያርድ የተባለውና በብዙ ከተሞች ያስተምር የነበረው ሌላው ትምህርት ቤትም በሩን ዘጋ። ተስፋው ግን አልተዘጋም፤ ድንበር ተሻግሮ ወደ እኛም ደርሷል።

የተማሪው ልምድ ምን ይመስላል? በልዩ ልዩ ማሠልጠኛዎች የተማሩ፣ የጨረሱም ያቋረጡም ወጣቶችን አነጋግረናል። ታሪካቸው በብዙ ይለያያል፤ በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላል። የመጀመሪያው ሳምንት የደስታ ነው። ተማሪው መምህሩ በቪዲዮ የሚያሳየውን እየተከተለ ይጽፋል፤ የጻፈውም ይሠራለታል። ሁሉም ነገር የገባው ይመስለዋል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ቪዲዮው ሳይኖር «ይህን ራስህ ሥራ» ይባላል። ያን ጊዜ ባዶ ገጽ ፊት ይቀመጣል። ሲያይ የገባው ነገር ሲጽፍ አይመጣለትም። አንድ መስመር ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩ በእንግሊዝኛ የስሕተት መልእክት ያወጣል። ያርማል፤ ሌላ ስሕተት ይወጣል። አንዱ ተማሪ ኪቦርዱን ከአማርኛ መመለስ ረስቶ በላቲኑ ምልክት ፋንታ የእኛን ድርብ ሰረዝ አስገብቶ ኖሮ፣ ስሕተቱን ሲፈልግ እኩለ ሌሊት ሆኖበታል። ነገሩ ሲነገር ያስቃል፤ ብቻውን ለተቀመጠው ልጅ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ተማሪ የሚጠፋው በዚህ ጊዜ ነው። የሚጠፋውም በዝምታ ነው። «እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም» ይልና ይተወዋል። ክፍያው በቤተሰብ ገንዘብ ከተፈጸመ ደግሞ መተዉን አይናገርም፤ እናቱ «ትምህርቱ እንዴት ነው?» ስትለው «ደኅና ነው» እያለ ወራት ይቆጠራሉ። ካነጋገርናቸው እኅቶች አንዷ በዚህ ደረጃ ላይ ደርሳ ተርፋለች። እንዴት እንደ ተረፈች ስንጠይቃት የመለሰችልን አጭር ነበር። ከእርሷ ሁለት ወር የቀደመች ሌላ ተማሪ አጠገቧ ተቀምጣ «ስሕተቱን ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አለቻት። ስታነብበው መልእክቱ ስድብ አለመሆኑን አየች፤ ስንተኛው መስመር ላይ ምን እንደ ጎደለ የሚናገር ጥቆማ ነበር። ከዚያ በኋላ ስሕተት በወጣ ቁጥር መጀመሪያ ታነብበዋለች።

የዛሬው ንግግራችን ዋና ነጥብ ይህ ነው። ትምህርቱ፣ ቪዲዮውና መጽሐፉ ዛሬ በነጻ እንኳ ይገኛሉ። ማሠልጠኛ ለተማሪው ሊሰጠው የሚችለው ትልቁ ነገር ሥራውን አይቶ የሚያርምለት ሰው ነው። ስለዚህ «ምን ያስተምራሉ?» ከማለታችን በፊት «የልጃችንን ሥራ ማን ያይለታል?» ብለን እንጠይቅ።

ይህን ከምናውቀው ነገር ጋር አገናኝተን በአንድ ምሳሌ እናሳያችሁ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ሁለት ሠልጣኞች የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት የሚያወጣ ፕሮግራም ለመጻፍ ተነሡ። ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ስሌቱን ታውቁታላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ከ5500 ጋር ተደምሮ ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው አንድ ሲቀነስ ወንበር ይገኛል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው አበቅቴ ነው፤ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው መጥቅዕ ነው። ለ2017 ዓ.ም. ስናሰላው ድምሩ 7517፣ ቀሪው 12፣ ወንበሩ 11 ይሆናል፤ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልሆኑ ስሌቱ እንደ ተሳተ አባቶች ያውቃሉ። የፕሮግራም ጸሐፊዎች «ቴስት» የሚሉት ፍተሻ በእኛ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ አለ ማለት ነው።

ፕሮግራማቸው ለ2017 ትክክል አወጣ። ለ2016ም አበቅቴ 20፣ መጥቅዕ 10 ብሎ ትክክል አወጣ። ደስ ብሏቸው ሊዘጉት ሲሉ ሥራቸውን ስትመለከት የነበረች ሌላ ተማሪ «እስቲ 2005ን አስገቡ» አለቻቸው። ፕሮግራሙ ወንበሩን ከዜሮ በታች አንድ ብሎ አወጣው። በዚያ ዓመት ድምሩ 7505 ነው፤ ለ19 ሲካፈል ቀሪ የለውም። ቀሪ ሲታጣ 19 ተይዞ ወንበሩ 18 እንደሚሆን ሁለቱም በቃላቸው ያውቁ ነበር፤ ለኮምፒዩተሩ ግን አልነገሩትም። ቀጥላ 2006ን አስገባች። በዚያ ዓመት ወንበሩ አልቦ ስለሆነ መጥቅዑ 30 መሆን ሲገባው ፕሮግራሙ ዜሮ አለው። ሁለቱም ስሕተቶች በሚቀጥለው ዙር የሚገለጡት በ2024 እና በ2025 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ወደ ኋላ ሄዶ የሚፈትሽ ዓይን ባይኖር ኖሮ ለዓመታት ተሰውረው ይቆዩ ነበር። ሁለቱ ሠልጣኞች ከዚያች አንድ ሰዓት ከብዙ ቪዲዮ ያላገኙትን ትምህርት አግኝተዋል፤ የሚያውቁትን ነገር ሁሉ በቃል ገልጾ ማስረዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ተረድተዋል።

በሥልጠናው ዓለም ስም ያተረፉ ቤቶችም ይህን ያውቃሉ። በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተው 42 የተባለው ትምህርት ቤት በመደበኛ መምህር አያስተምርም፤ ተማሪዎቹ አንዳቸው የሌላቸውን ሥራ ይገመግማሉ። በአሜሪካ የተመሠረተው ሆልበርተንም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። በአገራችን ብዙ ወጣቶች የተማሩበት የኤኤልኤክስ የአንድ ዓመት የሶፍትዌር ምህንድስና ሥልጠና የተቀዳው ከዚሁ ከሆልበርተን ሥርዓተ ትምህርት ነበር። እዚያ ያለፉ ተማሪዎች ሲተርኩ ስለ ጥብቅ የማስረከቢያ ሰዓት፣ ሥራውን ስለሚያርመው አውቶማቲክ መፈተሻና ለአንዲት ትርፍ ክፍት ቦታ ስለሚቀነስ ነጥብ ይናገራሉ። ነገር ግን ለመጨረስ ያበቃቸውን ስንጠይቃቸው የሚጠሩት የጓደኞቻቸውን ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረውና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በነጻ የሚያሠለጥነው ኤ ቱ ኤስ ቪም ተማሪዎቹን በቡድን አስቀምጦ የፕሮግራም ጥያቄዎችን በየቀኑ እንዲፈቱና አንዱ ሌላውን እንደ ቀጣሪ ሆኖ እንዲፈትን ያደርጋል። ከዚያ የወጡ ወጣቶች እንደ ጎግልና ብሉምበርግ ባሉ ኩባንያዎች ተቀጥረዋል።

አባቶቻችን ይህን ሲሰሙ ፈገግ ማለታቸውን እናያለን፤ ተገቢም ነው። በንባብ ቤት የቀደመው ተማሪ ተከታዩን ያስተምራል። በቅኔ ቤትም ተማሪው ቀኑን ሙሉ ሲያወጣና ሲያወርድ የዋለበትን ቅኔ ለመምህሩ ይቆጥራል፤ መምህሩ ሰምተው ያቃናሉ። ማንም በመስማት ብቻ ባለ ቅኔ አልሆነም። የተማሪን ሥራ በየዕለቱ ማየትና ማረም ለእኛ እንግዳ ሥርዓት አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡና ወደ ተስፋው ቃል እንመለስ። ከዚህ ላይ አንድ በአደባባይ የታወቀ ጉዳይ ማንሣት ይጠቅመናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ላምዳ ስኩል የተባለ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በኋላ ብሉምቴክ ተብሏል። «አሁን አትከፍሉም፤ ሥራ ስታገኙ ከደመወዛችሁ ትከፍላላችሁ» የሚል ውል ያቀርብ ነበር። በተለመደው ውል መሠረት ተማሪው በዓመት 50 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ሲያገኝ ለ24 ወራት ከገቢው 17 በመቶ ይከፍላል፤ ጣሪያውም 30 ሺህ ዶላር ነበር። የአሜሪካ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ ጉዳዩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ውሳኔ ሰጠ። ትምህርት ቤቱ ከተመረቁት ከ71 እስከ 86 በመቶ የሚሆኑት በስድስት ወር ውስጥ ሥራ እንደሚይዙ ያስተዋውቅ ነበር፤ በውስጥ የያዘው ቁጥር ግን ወደ 50 በመቶ የቀረበ ነበር፤ በአንዳንዱ ዙር እስከ 30 በመቶ ይወርዳል። ኃላፊው በአንድ ዙር መቶ በመቶ ሥራ ያዙ ብሎ በአደባባይ ጽፎ ነበር፤ በዚያ ቁጥር ውስጥ የነበረው ተማሪ አንድ ብቻ ነበር። «ብድር አይደለም» የተባለው ውልም በአማካይ 4 ሺህ ዶላር የሚደርስ የፋይናንስ ወጪ የተሸከመ ብድር ሆኖ ተገኘ። ቢሮውም ትምህርት ቤቱን ለሸማቾች ብድር ከመስጠት ለዘለቄታው አገደው።

ይህን ማንሣታችን ሩቅ ያለን ሰው ለመውቀስ አይደለም። መቶኛ እንዴት እንደሚነበብ ለመማር ነው። አንድ ማሠልጠኛ «ከተማሪዎቻችን ይህን ያህል በመቶ ሥራ ይዘዋል» ሲል፣ መቶኛው ከጀመሩት ነው ወይስ ከጨረሱት? ብለን እንጠይቅ። መቶ ጀምረው ሃያ ቢጨርሱ፣ ከሃያውም አሥር ሥራ ቢይዙ፣ አንዱ «50 በመቶ» ብሎ ይለጥፈዋል፤ ሌላው «10 በመቶ» ይለዋል። ሁለቱም ቁጥር ትክክል ነው፤ ላሙን ለሚሸጠው አባት የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ነው። ቀጥለን፣ ልጁ በሁለተኛው ወር ቢያቋርጥ ከክፍያው ምን ያህሉ ይመለሳል? ውሉስ በጽሑፍ ነው? እንበል። የተማሪውን ሥራ የሚያየው ማን እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚያይ፣ አንድ መምህር ስንት ተማሪ እንደያዘ እንጠይቅ። በመጨረሻም የጨረሰ አንድ፣ ያቋረጠ አንድ ተማሪ ፈልገን እናነጋግር። ማስታወቂያ ላይ የሚቆመው የጨረሰው ብቻ ነው።

ስለ ሥራው ገበያም እውነቱን መናገር ይገባናል። የሶፍትዌር ሙያ ዛሬ እንደ ዐሥር ዓመቱ በር ከፍቶ የሚጠብቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ሜታ 11 ሺህ፣ በጥር 2023 ጎግል 12 ሺህ ሠራተኞችን እንደሚያሰናብቱ አስታውቀዋል። ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ከአዲስ ምሩቅ ጋር ለአንድ ወንበር መሽቀዳደም ጀምረዋል። በዚያው በ2022 መጨረሻ ለሕዝብ የቀረበው ቻትጂፒቲና ተከታዮቹ ደግሞ ጀማሪ ይሠራው የነበረውን ቀላል ኮድ በደቂቃ ይጽፋሉ። ተማሪዎች ይህን ይጠቀሙበታል፤ አትጠቀሙ ማለትም አይቻልም። ነገር ግን የተጻፈለትን ኮድ ማንበብና መፈተሽ የማይችል ልጅ፣ ፕሮግራሙ ለ2017 ትክክል ማውጣቱን ብቻ አይቶ የ2005ን ስሕተት ይዞ ይሄዳል። ማሽኑ መጻፍን ባቀለለ መጠን አይቶ የሚያርም ሰው የበለጠ ተፈላጊ ይሆናል። ይህን ችሎታ ያላገኘ ሠልጣኝ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ይዞ ይቀራል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ያለ ክፍያ የሚጀመርበት መንገድ አለ። መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ጋር በመተባበር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ያስጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ኢኒሼቲቭ የፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያና የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ኮርሶችን በኢንተርኔት በነጻ ይዞ መጥቷል፤ የጨረሰም የምስክር ወረቀት ያገኛል። ብዙዎቹ ወጣቶቻችን ተመዝግበዋል። ይሁንና ክፍያው ነጻ ቢሆንም ትምህርቱ ወጪ አለው። ላፕቶፕ ያስፈልጋል፤ በስልክ ቪዲዮ ማየት ይቻላል እንጂ በስልክ ኮድ መጻፍ እጅግ አድካሚ ነው። የኢንተርኔት ፓኬጅ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ የሚማርበት ሌላ ሰዓት ያስፈልገዋል። እንግሊዝኛው ለከበደው ተማሪ የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል። ከሁሉ በላይ ቀደም ብለን ያልነው ይጎድላል፤ ኮርሱ ራሱ አጠገቡ ተቀምጦ «ስሕተቱን አንብብልኝ» አይለውም።

ስለዚህ የምናቀርብላችሁ ሐሳብ ይህ ነው። የማሠልጠኛ ክፍያ ከመጠየቃችን በፊት በየአጥቢያው አንድ የጥናት ቡድን እናቋቁም። ከስድስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ተማሪዎች ይበቃሉ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ መብራትና ጠረጴዛ ባለበት በአጥቢያው አዳራሽ ወይም በሰንበት ትምህርት ቤቱ ክፍል ይሰብሰቡ። ያገለገሉ ላፕቶፖች ያሏቸው መሥሪያ ቤቶችና ምእመናን አሉ፤ እነርሱን የማፈላለጉን ሥራ የፕሮጀክት ክፍላችን ይሠራል። ለሁለት ተማሪ አንድ ኮምፒዩተር መሆኑ ጉዳት የለውም፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ያያል። በየአጥቢያው በሙያው የሚሠራ ወይም ኮምፒዩተር ሳይንስ የሚያጠና አንድ ሰው አይጠፋም፤ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ መጥቶ ሥራቸውን ይይላቸው። ስብሰባው ማታ ብቻ ከሆነ እኅቶቻችን እንደሚቀሩ ደግሞ አስቡ። የቤት ሥራው በእነርሱ ላይ ነው፤ የማታ መንገዱም ያሳስባል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ቅዳሜ በቀን ይሁን።

ሦስት ወር ይሞከር። በሦስት ወር ውስጥ ማን እንደጸና፣ ማን ለሌላው እንዳስረዳ፣ ማን ትንሽም ብትሆን የራሱን ሥራ ሠርቶ እንዳሳየ ቡድኑ ራሱ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ከፍ ወዳለ ማሠልጠኛ መግባት ለሚገባው፣ ማሠልጠኛውን በጠቀስናቸው ጥያቄዎች ፈትሸን፣ የክፍያ ድጋፍ ጥያቄውን ከእናንተ ጋር ሆነን እናቀርባለን። የቤተሰብ ገንዘብ ቢወጣ እንኳ ልጁ ሥራውን ቀምሶት፣ ወላጅም የሚከፍልበትን ነገር አውቆት ይወጣል።

ወላጆች ሆይ፣ አንድ አደራ አለን። ከእነዚህ ተማሪዎች አንዳንዶቹ በሁለተኛው ወር ትተውት ይመጣሉ። ያን ጊዜ «ገንዘባችንን በላኸው» የሚል ቃል ከአፋችን አይውጣ። ኮድ መጻፍ እንደ ማንኛውም ሙያ ነው፤ ለሁሉ አይሆንም። መተዉን በጊዜ የነገራችሁ ልጅ እውነቱን ስለ ነገራችሁ ሊመሰገን ይገባል፤ የሚያሳስበው «ደኅና ነው» እያለ የሚደብቀው ነው። እንዲደብቅ የሚያደርገው ደግሞ የእኛ ፊት ነው።

እናንተ ወጣቶች፣ «ሲኒየር» ለመባል አትቸኩሉ። የሠራችሁትን ለሰው አሳዩ፤ የሰውንም ሥራ ተቀብላችሁ እዩ። ሥራው ሲታረም የሚቆጣ ሠልጣኝ በዚህ ሙያ ብዙ አይዘልቅም። ሁለት ወር የቀደማችሁት ተማሪ አጠገባችሁ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ መምህር መሆን ትችላላችሁ።

ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ከየአጥቢያው ኮሚቴ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መብራት ያለው አንድ ክፍልና የተማሪዎቹን ሥራ ለማየት ፈቃደኛ የሆነ የአንድ ሰው ስም። ቅጹ በመውጫው በር በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ክፍሉንና ሰውየውን ያገኘ አጥቢያ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሳይጠብቅ ይጻፍልን፤ ላፕቶፕ ማፈላለጉን ወዲያውኑ እንጀምራለን።